የቶፉ በርገር መጥበሻ ላይ እየተበተነብኝ ነው

አዳማ ነው ያለሁት። ለጾም በርገር ብዬ ቶፉውን ራሴ ሠራሁ። ግማሽ ኪሎ አኩሪ አተር ዘፍዝፌ አሳደርኩ፣ ፈጭቼ አጠለልኩ፣ ወተቱን አፍልቼ በሎሚ አረጋሁት። ከዚያ በነጠላ ጠቅልዬ ሙቀጫ ጫንኩበት። እስከዚህ ሸጋ ነበር።

ቶፉውን በእጄ ፈርፍሬ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ትንሽ በርበሬ ጨምሬ ጠፈጠፍኩት። መጥበሻ ላይ አንድ ጎኑ ጥሩ አድርጎ ይጠበሳል፤ ስገለብጠው ብትንትን! ልጆቹ «የቶፉ ፍርፍር» ብለው ስም አውጥተውለታል።

መጀመሪያ የደረቀ ዳቦ ፈጭቼ ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ 4 የሾርባ ማንኪያ ሽሮ አደረግኩበት። ያዘ፤ ግን ጣዕሙ ቁርጥ ሽሮ ሆነ፣ መሃሉም ሊጥ ሊጥ ይላል። ፍሪጅ ውስጥ 1 ሰዓት አሳርፌም ሞክሬያለሁ። ሽንኩርቱን ጥሬውን ስለምጨምር ውሃ እየለቀቀ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱን ከእንግዲህ አስቀድሜ አቁላላዋለሁ። እንቁላል በጾም አይታሰብም።

ቤት ውስጥ ተልባ፣ ድንችና የበቆሎ ዱቄት አለኝ። ለ400 ግራም ያህል ቶፉ ከእነዚህ የትኛውን፣ በምን ያህል መጠን ልጨምር?