ለትልቅ የዋንዛ በር ቅርጽ፦ የትኞቹ መሮዎች? አሳሳላቸውስ?

ሐረግ_ቀራጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሁለት ክንፍ የቤተ ክርስቲያን በር ልንቀርጽ ነው። እያንዳንዱ ክንፍ ቁመቱ 2.40 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር፤ እንጨቱ 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው የደረቀ ዋንዛ። መሐሉ መስቀል፣ ዙሪያው ሐረግ፣ መደቡ (ከቅርጹ ጀርባ ያለው ሜዳ) 15 ሚሊ የሚወርድ። ያለኝ ባለ 12 የመሮ ስብስብ ሲሆን ግማሹ ለትንንሽ ሥራ የሚሆን ቀጫጭን ነው።
የትኞቹን ልጨምር? ሌላው ችግር ስለቱ ነው። ክብ መሮዎቹ ተስለው ግማሽ ሰዓት አይቆዩም፣ ይዶለዱማሉ፤ የቆረጡበት ላይም ነጭ ጭረት ይተዋሉ። ቪ መሮው (ጫፉ የV ቅርጽ ያለው) ደግሞ ከመሐሉ እንደ ጥርስ የወጣ ሹል አለው። መሳያዬ ቤንች ግራይንደር (በሞተር የሚዞር የመሳያ ድንጋይ) ብቻ ነው።

ዋንዛና_ጥድ፦
መሮ ከመግዛትህ በፊት ሒሳቡን እየው። ሁለቱ ክንፎች 3.84 ካሬ ሜትር ናቸው። ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው መደብ ቢሆንና 15 ሚሊ ብታወርደው፣ ወደ 35 ሊትር የሚጠጋ እንጨት በእጅህ ልታነሳ ነው። 10 ሚሊ ካደረግከው 23 ሊትር ይሆናል። ከሩቅ ለሚታይ በር ጥላ የሚፈጥረው የጥልቀቱ ብዛት ሳይሆን የቅርጹ ግድግዳ ቀጥ ብሎ መውረዱ ነው። ስለዚህ እኔ 10 ሚሊ እላለሁ፤ በሩም አይሳሳም።

የምትፈልጋቸው አሥር ቢሆኑ ነው። በእንግሊዞቹ የመሮ ኩርባ ቁጥር ስናወራ 3 ማለት ጠፍጣፋ የሚመስል፣ 9 ማለት ግማሽ ክብ ነው፤ የስዊስ ቁጥር ከዚህ ጋር በትክክል አይገጥምም፣ ስትገዛ ኩርባውን በዓይንህ እይ። ለመቆርቆር ቁጥር 9 ወርዱ 25 ሚሊ። ከዚያ ቁጥር 5 ሁለት፣ 25 እና 12 ሚሊ። መደቡን ለማስተካከል ቁጥር 3 ሁለት፣ 20 እና 8 ሚሊ። ለሐረጉ ኩርባ ቁጥር 7 ባለ 14 ሚሊ። ጠፍጣፋ መሮ 20 እና 6 ሚሊ። ባለ 60 ዲግሪ ቪ መሮ። የመጨረሻው አንገቱ የጎበጠ ቁጥር 3 ባለ 10 ሚሊ ነው፤ ሐረጉ በዘጋው ጠባብ ቦታ ውስጥ ቀጥ ያለ መሮ ከገባ እጀታው ግድግዳውን ይመታል።

ንድፉን ከመሮህ ጋር አስማማው። እያንዳንዱን ክብ መሮ ወረቀት ላይ ጫን አድርገህ ኩርባውን ውሰድና ሐረጉን በእነዚያ ኩርባዎች ሣለው። ያኔ ግድግዳው በአንድ ምት ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል። መሮህ የሌለውን ኩርባ ከሣልክ ግን በሦስትና በአራት ምት ትቀጣጥለዋለህ፤ መገናኛዎቹም እንደ ደረጃ ይታያሉ።

ራውተር (እንጨት የሚቦረቡር የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ካለህ መደቡን እሱ ያውርደው። በአንድ ዙር ከ3 ሚሊ አትለፍ፣ 9 ሚሊ ላይ አቁም፣ የቀረውን 1 ሚሊ በቁጥር 3 ጨርስ። ከሐረጉ መስመር 2 ሚሊ ራቅ ብለህ እለፍ። መዶሻህ የእንጨት ይሁን፣ ወይራ ቢሆን ይመረጣል፤ ክብደቱ ከ600 እስከ 700 ግራም። ከዚያ የከበደ ትከሻ ይጨርሳል፣ የብረት መዶሻ ደግሞ እጀታ ይሰነጥቃል።

ስለት_ይቅደም፦
በመሮዎቹ ምርጫ እስማማለሁ። የራስ ምታትህ ግን ሌላ ቦታ ነው። ያልካቸው ምልክቶች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ፈጥኖ መዶልዶም፦ መጀመሪያ የስለቱን ቀለም እይ። ሰማያዊ ከታየ ግራይንደሩ 300 ዲግሪ አካባቢ አድርሶታል ማለት ነው። ተራ የካርቦን ብረት ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ሄዷል፤ ሰማያዊው እስኪያልቅ በግራይንደር በትዕግሥት መብላት እንጂ መሳል አይመልሰውም። ቀለሙ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የጥቅል ጠርዝ ነው። ብረት ሲሳል ጫፉ ላይ ስስ ቅጠል ተጠቅልሎ ወደ ሌላው ፊት ይዞራል፤ በጣት ይዳሰሳል። እሱን ሳታስወግድ ሥራ ከጀመርክ ለጥቂት ደቂቃ የሚላጭ ይመስልሃል፣ ከዚያ ተሰብሮ ይወድቅና ስለቱ ባዶ ይቀራል።

ነጭ ጭረት፦ ስለቱ በትናንሹ ተሸራርፏል። ከግራይንደር በቀጥታ ወደ እንጨት ስለምትሄድ ነው።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። ወፍራም መስተዋት ላይ የመኪና ቀለም ቤት የሚሸጠውን በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፍ፦ 400፣ 800፣ 1500፣ 2000። በመጀመሪያ መሮውን ቀጥ አድርገህ አቁመህ ጫፉን 800ው ላይ ሁለት ሦስቴ ሳበው። ጉድለቱ ሁሉ ይጠፋል፣ ጫፉም ብርሃን ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ይህ መስመር መሪህ ነው። ከዚያ ተዳፋቱን (ወደ ስለቱ የሚያጋድለውን ፊት) 400ው ላይ አስተኝተህ፣ ወደ ጎን እየገፋህ መሮውን ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ አንከባለው። መስመሩ የወፈረበት ቦታ ላይ ረዘም አድርገህ ቆይ፣ የቀጠነበትን ዝለል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ማንከባለሉን ከጥጉ በላይ በማሳለፍ ነው፤ ያኔ ጥጎቹ ይበላሉ፣ መሮው እንደ ጥፍር ይሆናል። በሌላ በኩል ቶሎ ከመለስከው መሐሉ ይጎደጉዳል፣ ጥጎቹም ወደ ፊት ይቀራሉ። መስመሩ በሁሉም ቦታ እኩል ሊጠፋ ሲል ወደ 800፣ ወደ 1500፣ ወደ 2000 እለፍ።

ውስጡን ደግሞ 1500 ወረቀት ከመሮው ኩርባ ትንሽ በቀጠነ ክብ እንጨት ላይ ጠቅልለህ በቀላሉ እሸው፤ ጥቅል ጠርዙ የሚነሳው እዚህ ነው። በመጨረሻም ጣውላ ላይ በኮላ የተለጠፈ ቆዳ፣ ላዩ ላይ አረንጓዴው የብረት ማወልወያ ተቀብቶ። ስለቱን ወደ ኋላ ብቻ ጎትት፣ አሥር ጊዜ። ስትጨርስ እጀታውን ወደ ላይ አታንሳ፤ ከቆዳ ላይ እንዲህ እየተነሳ ስንቱ ስለት ድብልብል ሆኗል።

ማዕዘኑን በመለኪያ ባትለካ በርዝመት ለካው። ብረቱ 4 ሚሊ ውፍረት ካለው፣ ተዳፋቱ በመሮው ቁመት አቅጣጫ (በተዳፋቱ ፊት ላይ ሳይሆን) ሲለካ 11 ሚሊ ገደማ ሲሆን 20 ዲግሪ፣ 8.5 ሚሊ ገደማ ሲሆን 25 ዲግሪ ነው። ለዋንዛ ከ20 እስከ 22፣ ጉጥ ላይና ለወይራ 25 እና ከዚያ በላይ። ዋንዛ ላይ 30 ዲግሪ ከያዝክ ቢሳልም ይገፋል እንጂ አይቆርጥም።

የቪ መሮው ጥርስ የሚመጣው ሁለቱ ክንፎች ተስለው የታችኛው መገናኛ ወፍራም ሆኖ ስለቀረ ነው። ከውጪ ያንን ጀርባ እንደ ትንሽ ክብ መሮ አንከባለህ አሳሳው። በተቃራኒው መሐሉ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ካየህ ክንፎቹን መገናኛው ድረስ ከልክ በላይ ስለሃል፤ ጫፉን ቀጥ አድርገህ እንደገና ጀምር።

ፈተናው የጥድ ቁራጭ ነው፤ ጅማቱን አቋርጠህ ቁረጥ። የተቆረጠው ፊት ካበራና ነጭ መስመር ከሌለው ጨርሰሃል። ሥራ ላይ በየ20 ደቂቃው ወደ ቆዳው ተመለስ፣ እስኪዶለዱም አትጠብቅ።

ሐረግ_ቀራጭ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፣ ተገኘ። ትልልቆቹን ምናለሽ ተራ ላሉ አንጥረኞች ሰጥቶ ከመኪና ባሌስትራ ማስቀጥቀጥ ይቻላል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?

ፍም_እሳት፦
ይቻላል፣ ግን ቪውን ግዛ፤ ውስጡን በሞረድ እኩል ማውጣት ከዋጋው በላይ ያደክማል። ለቁጥር 9 እና 5 ባሌስትራ ጥሩ ነው። የሚከተሉትን አንጥረኛው ካላደረገ አትውሰድ። አሮጌ ባሌስትራ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል ቀጥቅጦ ከቀጠነ በኋላ በጥንቃቄ ይታይ። ከመሞረዱ በፊት ማግኔት እስከማይስበው ድረስ ይጋልና አመድ ውስጥ ተቀብሮ ይደር፤ አለዚያ ሞረዱን ይበላል። ጫፉ ላይ 1 ሚሊ ውፍረት ይተው፣ ቀጭን ጠርዝ ሲጋል ይቃጠላልና።

ጥንካሬ ሲሰጥ የፊተኛው 5 ሳንቲ ብቻ ማግኔት ከሚለቅበት ትንሽ አልፎ ይጋልና ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ይግባ። በውሃ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ ብዙዎቹ ውሃ ስለለመዱ ቀድመህ ንገራቸው። ከዚያ ሞረድ ሲያልፍበት መንሸራተት አለበት፣ ከነከሰ አልጠነከረም። እንዲሁ ትተኸው መዶሻ ብታሳርፍበት ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ፊቱን አብርተህ በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ 200 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት፣ አቀዝቅዘህ ደግሞ አንድ ሰዓት። የገለባ ቀለም ሲይዝ ደርሷል።

ስለት_ይቅደም፦
ፍም_እሳት ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ፦ የባሌስትራ መሮ ለቀጫጭኖቹ አይሆንም። 20 ዲግሪ ላይ ወርዱ 8 ሚሊ የሆነ መሮ ጉጥ ሲያገኝ ሊጎብጥ ይችላል። ለነሱ የተገዛውን ያዝ፣ ሰማያዊውን ደግሞ በየሁለት ሰከንዱ ውሃ እየነከርክ በግራይንደር ብላው። ውሃው ጫፉ ላይ መፍላት ከጀመረ ወዲያው ንከረው።