የክረምቱ ሥልጠና ረቂቅ፦ ለሀገረ ስብከት ከመግባቱ በፊት እንነጋገርበት

ጸሐፊ፣ ግንቦት 9
ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁም ጋር ይሁን። ለግቢ ጉባኤ ተማሪዎች፣ በየዩኒቨርሲቲው በመንፈሳዊ ጉባኤ ለተሰባሰቡት ልጆቻችን፣ በክረምት ልናካሂደው ያሰብነው የደቀ መዝሙርነትና የአመራር ሥልጠና ረቂቅ ተዘጋጅቷል። ግንቦት 25 ለሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ይገባል፤ እስከ 22 ያላችሁን ጻፉ። አሁን ያለው ባጭሩ ይኼ ነው፦ ከሐምሌ 8 እስከ 28፣ ደብረ ማርቆስ፣ 120 ተማሪ፣ ሰባት ኮርስ፣ በመጨረሻ የምስክር ወረቀት። «እሺ» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ። አምናም «እሺ» ብላችሁ ነው ድስቱን ብቻዬን ያጠብኩት።

ከብቸና፣ ግንቦት 9
የደከምሽበት ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን 21 ቀን ሙሉ ማን ልጁን ይለቃል? ሐምሌ እኮ የጤፍ ዘር ነው። ተማሪው በዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ቢቆይ፣ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ጅራፉ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጅማ ነው የሚማር፤ አምና በገባ በማግስቱ አባታችን «በል ደብተርህን ስቀልና በሬዎቹን ጥመድ» አለው። ስለ መንፈሳዊ ሥልጠና ብነግረው «ከተዘራ በኋላ ይጸድቃል» ይለኛል። የከተማ ልጆች ብቻ እንዲመጡ ካልፈለግን ቀኑ መቆረጥ አለበት።

ሒሳብ ያዥ፣ ግንቦት 10
120 ሰው፣ በቀን 3 እንጀራ፣ 21 ቀን፦ 7,560 እንጀራ። ወጡን ገና አልደረስኩበትም። ጋጋሪዋን የሚያውቅ ይንገረኝ።

ከባሕር ዳር፣ ግንቦት 10
የሒሳቡ ነገር ገብቶኛል፤ ቁጥሩ ግን እንዳይቀንስ እለምናለሁ። የጎጃም ልጅ ዛሬ አርባ ምንጭም፣ ሐረማያም፣ ጅማም ነው ያለው። የሚገናኙት በክረምት ብቻ ነው። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም በክረምት ወጣቶችን ሰብስበው ባያስተምሩ ኖሮ፣ እሳቸው በ1982 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራውን የሚቀጥል ሰው ከየት ይገኝ ነበር? በ1984 ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት እዚያ የተማሩ ልጆች ነበሩበት። ሰው በብዛት ሲሰባሰብ አንድ ነገር ይወለዳል። አርባ ሃምሳ ሰውማ የሰንበት ትምህርት ቤት ጉዞ ነው።

ከደብረ ኤልያስ፣ ግንቦት 11
ይረዝማል፣ ይቅር በሉኝ።

ወንድሜ ዝዋይን ማንሣትህ ደስ አለኝ። ግን አንተ ከዝዋይ የወሰድከው ብዛቱን ነው። እኔ የምወስደው አባታችን ሊቀ ጳጳስ ሆነው ሳለ እዚያው ከልጆቹ መሀል ሆነው ማስተማራቸውን ነው። በረቂቃችን ላይ ሰባት መምህራን አሉ፣ ሰባቱም አስተምረው በዚያው ቀን ተመላሽ ናቸው።

አምና አንድ ሥልጠና ላይ ተጋብዤ ነበር፤ የማን እንደነበር ይቅር። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ኮርስ ነው። አዳራሹ ቆርቆሮ፣ ወሩ ሐምሌ። 8 ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። የመምህሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም። ማይኩን ከፍ ሲያደርጉት መብራቱ ሄደ፣ ፕሮጀክተሩም ጠፋ። ከኋላ ወንበር ላይ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፣ እንዲያው ሊያዳምጡ የመጡ። አጠገባቸው ያሉ አምስት ስድስት ልጆች ወንበራቸውን አዙረው ከበቧቸው። አንዱ፣ ሲቪል ምህንድስና የሚማር፣ «የኔታ፣ ጸሎት ስጀምር ሐሳቤ ይሄድብኛል» አላቸው። «የት ይሄዳል?» አሉት። ሣቀ። ቆይቶ ዝም አለ። ከዚያ ስለ እናቱ ሞት ማውራት ጀመረ፣ ማንም አልጠየቀውም። መሪጌታ ብዙ አልተናገሩም፤ ዝናቡ ሲያባራ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «ነገ 11 ሰዓት ና፣ ዳዊት አብረን እንደግማለን» አሉት። የዚያን ሳምንት ኮርስ ሁሉ የጻፍኩበት ደብተር ቤቴ አለ፣ ከዚያ ወዲህ አልገለጥኩትም። ልጁ ግን እስከ ዛሬ ለመሪጌታ ይደውላል።

ማርቆስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 14ን እዩት፦ ጌታ አሥራ ሁለቱን ሲመርጥ መጀመሪያ ከእርሱ ጋር እንዲኖሩ ነው፣ መላኩ ቀጥሎ ነው የመጣ። እኛ አብሮ መኖሩን ዘለን ከመላኩ እንጀምራለን።

«አመራር» የሚለውም እንደዚያው ነው። በረቂቁ ላይ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ ስብሰባ አመራር የሁለት ቀን ትምህርት አለ፤ ክፉ አይደለም። ግን ቅኔ ቤት ሳለሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። የኔታ ሁሉን ራሳቸው አያስተምሩም። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ላለው የግዕዝ ግስ ያስነግራል፣ አስነጋሪ የምንለው። ያው አስነጋሪ ደግሞ የኔታ ፊት ቀርቦ የራሱ ቅኔ ይታረማል፣ አንዳንዴም በታናናሾቹ ፊት ይሣቅበታል። እየተማረ ያስተምራል፣ እያዘዘ ይታዘዛል። የኮሌጅ ልጆቻችን ይኼን አላገኙም። ወይ ተሰብሳቢ ናቸው ወይ ሰብሳቢ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ፦ 40 ተማሪ ብቻ። አምስት ቀን አብረን እንሁን። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ተወለደበት አጥቢያ ይመለስና እስከ ፍልሰታ ፍቺ ድረስ በአንድ ካህን ወይም መሪጌታ ሥር ይቆይ፤ ራሱ ደግሞ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይያዝ። ቀን አባቱን ያግዛል። ማታና በእሑድ ልጆቹን ያስተምራል። በፍልሰታ ቅዳሴው የየቀን ነው፣ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜም በየደብሩ ይሰጣል፤ ከዚያ የተሻለ ኮርስ እኛ አናዘጋጅም። ሲያበቃ ሁለት ቀን ተመልሰን እንገናኝና የከሸፈውን ሁሉ እንነጋገር።

ከብቸና፣ ግንቦት 11
ይኼንማ አባቴም ይፈቅዳል።

ከሞጣ፣ ግንቦት 12
በሐሳቡ እስማማለሁ። ሁለት ነገር አለኝ።

በረቂቁ ተራ ቁጥር 9 ላይ «እህቶች ምግብ ያስተባብራሉ» የሚለው ይሰረዝልኝ። አምና ስለ ንስሐ ሕይወት የተሰጠውን ትምህርት ከሽንኩርት ጋር ሆኜ በመስኮት ነው የሰማሁት። የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ በማዕድ ምክንያት ቅሬታ ሲነሣ የተመረጡት ሰባቱ ወንዶች ናቸው፣ ቅዱስ እስጢፋኖስም አንዱ ነው። ማዕድ ማገልገል ለእስጢፋኖስ ካልበዛበት ለእናንተም አይበዛባችሁ። ለእንጀራው ጋጋሪ ይከፈል፤ ወጡንና እቃ ማጠቡን ሁሉም በተራ ይሥራ፣ አመራርም ከዚያ ይጀምር።

ሁለተኛው የሴቶቹ ማደሪያ። ለወላጅ ደብዳቤ ይላካል ብላችኋል። የገጠር እናት ደብዳቤ አታምንም፣ ሰው ነው የምታምን። «ከማን ጋር ታድራለች?» ነው የምትል። ስለዚህ ከየወረዳው አንዲት ታላቅ እህት ትመደብ፣ ቤት ድረስ ሄዳ እናትየዋን ታናግር፣ ልጂቱንም ራሷ ታምጣ ራሷ ትመልስ። ይኼ ካልተጻፈ ከአርባው ውስጥ ሴት ሦስት ብናገኝ ነው።

ከባሕር ዳር፣ ግንቦት 12
እህቴ ልክ ነሽ፣ አምና ሽንኩርቱን ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ።

በ40ው ላይ ግን ገና አልተሸነፍኩም። አርባ ከሆነ ማን ይመርጣል? በየግቢው ሥራ አስፈጻሚ የሆኑትንና ዓይን ላይ ያሉትን ነው የምንይዝ። አፍ የሌለው ልጅ እንደገና ይቀራል።

ከደብረ ኤልያስ፣ ግንቦት 13
እውነት ነው፣ አላሰብኩበትም። ኃላፊነት ያልያዙትን እናስቀድም። ተመራቂም አይሁን፤ የተመረቀ ልጅ ሥልጠናውን ይዞ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፣ ግቢው ባዶ ይቀራል። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ብቻ። ስማቸውን የንስሐ አባታቸው ቢልክልን ከሥራ አስፈጻሚው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሰብሳቢ፣ ግንቦት 14
እንደምን ሰነበታችሁ። ዝም ያልኩት መንገዱን ሳጣራ ነው። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገድ በሚዘጋበት ቀን ግን የኪሎ ሜትሩ ማነስና መብዛት ትርጉም የለውም። የሰው ልጅ ይዘን መንገድ ላይ ማደር አንችልም። ስለዚህ ስብስቡ ለሁለት ይከፈል፦ ሃያው ደብረ ማርቆስ፣ ሃያው ፍኖተ ሰላም። የደንበጫ፣ የቡሬና የዳንግላ ልጆች ፍኖተ ሰላም ይቀርባቸዋል፣ ብርዱም ከማርቆስ ቀለል ይላል። ችግሩ ደብዳቤው ነው፤ ለምሥራቅም ለምዕራብ ጎጃምም ሀገረ ስብከት ለየብቻ መግባት አለበት። የሚያስተናግዱን አጥቢያዎች ሰበካ ጉባኤም በጽሑፍ ይፍቀድ። በቃል የተባለ ፈቃድ ሐምሌ ላይ ይረሳል።

የምስክር ወረቀቱስ?

ከሞጣ፣ ግንቦት 14
ሞጣን ወዴት ልታደርጉን ነው?

ሰብሳቢ፣ ግንቦት 14
መኪና ወደተገኘበት።

ከደብረ ኤልያስ፣ ግንቦት 14
የምስክር ወረቀቱ ይቅር። አስነጋሪ ወረቀት የለውም።

ሒሳብ ያዥ፣ ግንቦት 15
ይቅር፣ የማሳተሚያውም ገንዘብ የለም። አዲሱ ሒሳብ፦ 40 ሰው፣ 3 እንጀራ፣ 7 ቀን፣ 840 እንጀራ። ይኼ የሰው ሒሳብ ነው። ሐምሌ 8 የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል ብላችሁ ግን ሥጋ እንዳትጠብቁ፤ ሽሮና ምስር ነው፣ እሑድ ብቻ እንቁላል እናያለን። ፍራሽ ከየደብሩ እንዋሳለን፣ ጋቢ ሁሉም ከቤቱ ይዞ ይምጣ።

ጸሐፊ፣ ግንቦት 19
ያሻሻልኩት ይኼ ነው፣ የሚቃወም እስከ 22።

«ማኅበሩ 40 የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን፣ ከእነዚህም ቢያንስ 15 ሴቶችን፣ ከሐምሌ 8 እስከ 12 በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም ይሰበስባል። ትምህርቱ ዝናብ ሳይጀምር ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ አምስት አምስት ሆነው ከአንድ አባት ጋር ይቀመጣሉ። አስተማሪዎቹ አምስቱንም ቀን ከተማሪዎቹ ጋር ይበላሉ፣ ያድራሉ። ከሐምሌ 13 እስከ ነሐሴ 16 ተማሪው በተወለደበት አጥቢያ በካህን ሥር ሆኖ ሦስት ታዳጊዎችን ያስተምራል። ነሐሴ 19 እና 20 ተመልሰው ይገናኛሉ። የወጥ ቤት ሥራ የሁሉም ተራ ነው።»

የከተማ ልጆች የእርሻ ሥራ ስለሌለባቸው ባሕር ዳር ያለው ወንድማችን አምስት አምስት አድርጎ በየደብሩ ይመድባቸው፤ እሱም ተስማምቷል። «አስተማሪዎቹ ያድራሉ» የሚለውን ካነበቡ በኋላ ከሰባቱ መምህራን ሦስቱ አይመቸንም ብለዋል።

ከብቸና፣ ግንቦት 20
አራቱ ይበቃሉ። አባቴ አንድ ኩንታል ጤፍ እሰጣለሁ ብሏል። ነጭ አይደለም፣ ሠርገኛ ነው።

ከደብረ ኤልያስ፣ ግንቦት 20
መሪጌታን ጠየቅኋቸው። «ማይክ አለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «እንግዲያው እመጣለሁ» አሉ።

ሒሳብ ያዥ፣ ግንቦት 20
ሠርገኛው ደስ ይለናል፣ አባትህን አመስግንልን። የማስፈጫው ግን አልተጻፈም፤ ከብቸና ተፈጭቶ ነው የሚመጣ ወይስ እህሉን ነው የምንጭን?