ፌንደር፣ ሚዩዚክ ማን፣ ጂ ኤንድ ኤል፦ የአንድ ሰው ሦስት ቤዝ ለመሰብሰብ ምን ልመርምር?

ባለአራት ክር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቤዝ ጊታር ስብስብ ልጀምር ነው። ያገኘሁትን ሁሉ ከመግዛት አንድ መስመር መከተል ይሻላል ብዬ የሊዮ ፌንደርን መስመር መርጫለሁ፤ ሰውየው በሦስት ድርጅት ያወጣቸውን የፌንደር ፕሪሲዥን፣ የሚዩዚክ ማን ስቲንግሬይ እና የጂ ኤንድ ኤል ኤል-2000። ያለሁት ዋሽንግተን አካባቢ ስለሆነ በእጅ አይቶ መግዛት ይቻላል። ከእያንዳንዳቸው የትኛውን ዘመን ብይዝ ይሻላል? ሻጩ ፊት ቆሜስ ምኑን ፈትቼ፣ ምኑን ለክቼ ነው የማረጋግጠው? አሁን የቀረበልኝ "የ1966 ፕሪሲዥን" ነው። የአንገቱ ፕሌት (አንገቱን ከገላው ጋር የሚያያዘው የጀርባ ብረት) ላይ ትልቅ የኤፍ ፊደል አለ፤ ሻጩ የፖቶቹም (የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹም) ቁጥር 1966 ነው ይላል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ወፍራም ድምፅ፦

ወንድሜ፣ መስመሩን ጥሩ መርጠሃል። የዘመኑን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ የምርመራውን ከእኔ የተሻሉ አሉ።

ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ ጊታር መጫወት አይችልም። ፕሪሲዥንን ከካሊፎርኒያዋ ፉለርተን በ1951 መጨረሻ ሲያወጣ በኤሌክትሪክ ቤዝ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም፤ ሲያትል ላይ ፖል ተትማርክ በ1930ዎቹ ኦዲዮቮክስ 736 የሚባል፣ ፍሬት (አንገቱ ላይ ድምፆቹን የሚለየው የብረት ዘንግ) ያለውና እንደ ጊታር ታቅፎ የሚመታ ቤዝ ሠርቶ ሸጧል። ሰፊ ገበያ ያገኘው ግን የፌንደሩ ነው። 34 ኢንቹ የክር ርዝመት (86.4 ሴንቲ ሜትር) እስከ ዛሬ የሙያው ልክ ሆኖ የቀረው ከእሱ ነው።

የስብስብህ ቁም ነገር ያለው ግን ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የሽቦ ጥቅል) ውስጥ ነው። የ1951ዱ ፕሪሲዥን አንድ ጥቅል ብቻ ነበረው፤ ከመብራት መስመር የሚመጣውን እምምታ ሁሉ ይሰበስባል። በ1957 ሊዮ ጥቅሉን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ለሁለቱ ወፍራም ክሮች፣ ሌላው ለሁለቱ ቀጭን ክሮች ሆነ፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተጠቀለሉ እምምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለቱ የተገናኙት ተከታትለው ነው፣ በሲሪየስ። ዛሬ "የፒ ድምፅ" የምንለው ወፍራም መካከለኛ ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ውዱን የ1951–56 ዘመን አትመኘው፤ ከ1957 በኋላ ያለ ማንኛውም ፕሪሲዥን ሐሳቡን ይዟል።

በጥር 1965 ሊዮ ድርጅቱን ለሲቢኤስ (ለአሜሪካው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት) በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ለአሥር ዓመትም በተፎካካሪነት እንዳይሠራ ተስማማ። ጊዜው ሲያልቅ የቀድሞ ባልደረቦቹ ፎረስት ዋይትና ቶም ዎከር ያቋቋሙት ሚዩዚክ ማን ፕሬዚዳንት ሆኖ ብቅ አለ፣ በ1976 ስቲንግሬይ ቤዝ ወጣ። እዚህ ሁለቱ ጥቅሎች ጎን ለጎን ናቸው፣ አራቱም ክሮች በሁለቱም ላይ ያልፋሉ፤ የተገናኙትም ሳይከታተሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ወደ መውጫው፣ በፓራለል ነው። ፓራለል ድምፁን ያጠራዋል፣ ጉልበቱን ግን ይቀንሰዋል። ለዚህ ነው በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕ (ድምፁን ቀድሞ የሚያጎላ ሰርኪዩት) የገባለት።

ሦስተኛው ኤል-2000 ነው፣ 1980። ጂ ኤንድ ኤልን ከጆርጅ ፉለርተን ጋር አቋቁሞ ሁለት ባለ ድርብ ጥቅል ፒክአፕ አስገባበት። ከትንንሾቹ ሦስት ማብሪያዎች አንዱ ሲሪየሱን ከፓራለል ያማርጣል፣ አንዱ ፕሪአምፑን ያበራል ያጠፋል። የ1957ን መልስና የ1976ን መልስ አንድ ገላ ላይ አስቀምጦ ምርጫውን ለተጫዋቹ ሰጠ ማለት ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ለመያዝ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አይታየኝም።

ምርጫዬ፦ ፕሪሲዥን ከ1970ዎቹ፣ ወይም ከ1982–84ቱ የጃፓን ፌንደር፣ ቁጥሩ በጄቪ የሚጀምረው (ማትሱሞቶ ከተማ ፉጂጌን ፋብሪካ የተሠራ፣ አሠራሩ በጣም ንጹሕ ነው)። ስቲንግሬይ ኤርኒ ቦል በ1984 ድርጅቱን ከመግዛቱ በፊት ያለው፤ ከተገኘ 1976–79። ኤል-2000 ከ1980ዎቹ፤ ሊዮ በመጋቢት 1991 እስኪሞት ድረስ እዚያ ይሠራ ስለነበር ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ የእጁ ሥራ ያለበት ነው።

ሽቦና ብየዳ፦

ወደ ቀረበልህ ፕሪሲዥን ልምጣ፣ ሻጩ ያቀረባቸው ሁለቱም ማስረጃዎች ዓመቱን አያረጋግጡምና።

የኤፍ ፕሌቱ ከ1965 መጨረሻ እስከ 1976 ድረስ ያገለገለ ነው፤ አስመስለው የሠሩትም በየቦታው ይሸጣል። እውነተኛ ቢሆን እንኳ ፕሌቶቹ ከሳጥን እየተነሱ በቅደም ተከተል ስላልተገጠሙ በላያቸው ያለው ተከታታይ ቁጥር ግምት ብቻ ነው የሚሰጥህ።

የፖቱ ቁጥር የሚነበበው እንዲህ ነው። 137 ሲቲኤስ፣ 304 ስታክፖል የሚባሉት አምራቾች ናቸው፤ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሐዞች ዓመት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንት። 1376631 ማለት ሲቲኤስ፣ 1966፣ 31ኛ ሳምንት ነው። ችግሩ ሲቢኤስ በ1966 እጅግ ብዙ ፖት በአንድ ጊዜ ገዝቶ አከማችቶ ነበር፤ የ1966 ፖት በ1968ና በ1969 ቤዝም ውስጥ ይገኛል። ፖት "ከዚህ በፊት አልተሠራም" ይልሃል እንጂ "በዚህ ዓመት ተሠራ" አይልህም።

ፍርዱን የሚሰጠው የአንገቱ መጨረሻ ላይ ያለው ማኅተም ነው፤ አንገቱ መፈታት አለበት። ሻጩ እምቢ ካለ በ1966 ዋጋ አትግዛ። አፈታቱ፦ ክሮቹን ሙሉ በሙሉ አላላ፣ ልኩ የሆነ ባለ መስቀል ካቻቢቴ (ቁጥር 2) ይዘህ አራቱን ብሎኖች በየተራ ትንሽ በትንሽ ፍታ። አንገቱን በእጅህ ቀስ ብለህ አንሳ፤ ስንጥቁ ውስጥ ካቻቢቴ አስገብቶ መፈንቀል የቀለሙን ጠርዝ ይሰብራል። ማኅተሙ የሞዴል ቁጥር፣ ወር፣ ዓመትና በመጨረሻ አንድ ፊደል ይዟል። ፊደሉ የአንገቱ የላይኛው ጫፍ ስፋት ነው፦ ኤ 38.1፣ ቢ 41.3፣ ሲ 44.5 ሚሊ ሜትር። በካሊፐር ለካው። ማኅተሙ ሲ ብሎ ልኩ 38 ከሆነ አንገቱ ተፍቋል ወይም ማኅተሙ የውሸት ነው።

እግረ መንገድህን የአንገቱን ብረት (አንገቱ በክሮቹ ጉተታ እንዳይጎብጥ ውስጡ ያለውን ዘንግ) ዳዶ እዚያው ታየዋለህ። ከመፍታትህ በፊት አንደኛውን ፍሬት በካፖ (ክር በሚጫን መቆንጠጫ)፣ አንገትና ገላ የሚጋጠሙበትን ፍሬት በጣትህ ይዘህ 8ኛው ላይ ክፍተቱን ለካ፤ 0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ጤነኛ ነው። 1 ሚሊ ሆኖ ዳዶው ደግሞ እስከ መጨረሻ የጠበቀ ከሆነ ብረቱ ሥራውን ጨርሷል፣ ጥገናውም ውድ ነው። ስትመልሰው ብሎኑን መጀመሪያ ወደ ግራ አዙረው፤ በድሮው ጥርስ ላይ "ጠቅ" ሲል ከዚያ ወደ ቀኝ አጥብቅ። በቀጥታ ካጠበቅህ አዲስ ጥርስ ይቆርጥና እንጨቱ ይላላል።

ፒክአፑን ለመለካት ምንም መፍታት አያስፈልግም። ገመድ ሰካና ድምፁን ሙሉ ከፍተህ ቴስተሩን በገመዱ ሌላ ጫፍ ላይ አድርግ። 10 እስከ 11 ኪሎ ኦም ደህና ነው። ወደ 250 ካሳየህ ጥቅሉ ተበጥሷል፣ የምታነበው የፖቱን ብቻ ነው። ሁለቱ ግማሾች በሲሪየስ ስለሆኑ አንዱ ከተበጠሰ አራቱም ክሮች ይጠፋሉ፤ ሁለት ክር ብቻ ከጠፋ ግን አንዱ ግማሽ ሾርት ሆኗል ማለት ነው፣ ንባቡም ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ብየዳው ያልተነካ ከሆነ እንዳትነካው። ፖት ቢንኳኳ ማጽጃ ፈሳሽ ርጭበት እንጂ አትለውጥ። ገላው ላይ ዩቪ (አልትራቫዮሌት) ባትሪ አብራ፦ የ1966 ናይትሮ (ናይትሮሴሉሎስ) ቀለም ባረጀ ቁጥር አረንጓዴ ቢጫ ያበራል፣ በኋላ የተነካካው ቦታ ጠቁሮ ይታያል። ወፍራምና እንደ መስታወት የሚላጥ ከሆነ ፖሊኤስተር ነው፤ እሱ የገባው ወደ 1968 ነው። እንደገና የተቀባ ቤዝ ዋጋው በተለምዶ በግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ ሻጩ ምንም ቢልህ።

ሦስት ብሎን፦

ስቲንግሬዩ ላይ ከወፍራም ድምፅ ጋር አልስማማም። የ1976–79ኙን ፕሪአምፑን ሳትሰማ "የተገኘውን" ብለህ አትግዛ። ሰርኪዩቱ በኢፖክሲ (በሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ) ተደፍኗል፤ ውስጡ አንድ ነገር ቢሞት ኢፖክሲውን ሳይሰብሩ መድረስ አይቻልም፣ ሲሰበርም ቦርዱን ይዞት ይሄዳል። አዲስ ባትሪ ራስህ ይዘህ ሂድ። የባሱንና የትሬብሉን መቆጣጠሪያ አንድ በአንድ ከዳር እስከ ዳር አዙር፤ ድምፁ ተቆራርጦ ቢመለስ ፖቱ ቆሽሿል፣ ቀላል ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ ወይም ድምፁ ከተንሻፈፈ ችግሩ ኢፖክሲው ውስጥ ነው። እንደዚያ ያለውን ቤዝ በሙሉ ዋጋ መግዛት ለሰብሳቢ ኪሳራ ነው፣ ምክንያቱም ፕሪአምፑ ራሱ የዕቃው ግማሽ ዋጋ ነው።

ፒክአፑን በገመዱ በኩል መለካት እንደ ፕሪሲዥኑ አይሠራም፣ ፕሪአምፑ መሐል ላይ አለ። በጆሮህ ፍረድ፦ ጥቅሎቹ በፓራለል ስለሆኑ አንዱ ቢበጠስ ድምፁ አይጠፋም፤ ይሳሳል፣ እምምታውም ይጀምራል።

አንገቱ የተያዘው በሦስት ብሎን ነው። ብዙ ሰው ሦስት ብሎንን ይወቅሳል፣ እኔ ግን ጥፋቱን የምሰጠው ለሰፊ ቀዳዳ ነው፤ ገላው ላይ ያለው ማረፊያ ጥብቅ ሲሆን አንገቱ ንቅንቅ አይልም። የአንገቱን ራስ ይዘህ ወደ ጎን ገፋ አድርገው። ቀጭኑ ክር ወደ ፍሬቱ ጠርዝ ከወረደ ተንሸራቷል፤ ብሎኖቹን ሩብ ዙር አላልቶ፣ ወደ ቦታው ስቦ ማጥበቅ ነው። ክሮቹ ከገላው ጀርባ የሚገቡት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዎች ናቸው፣ ወደ 1980 ቀርቷል፤ የብሪጁ (ገላው ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) ክር ማፈኛ ስፖንጆችም ካልጠፉ ዋጋ አላቸው።

ኤል-2000 ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ የአንገቱ ራስ ላይ መሐል ለመሐል ቀጥ ያለ መስመር ብታይ ስንጥቅ ነው ብለህ አትመለስ። ድርጅቱ ለረጅም ዓመታት አንገቱን በርዝመቱ ሰንጥቆ፣ የብረቱን ቦይ ቆርጦ መልሶ ያጣብቀው ነበር። ቀኑን አንገቱ መጨረሻና ማረፊያው ውስጥ ታገኘዋለህ። ሦስቱንም ማብሪያዎች ደጋግመህ አንቀሳቅስ፤ የሚቆራረጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ባለአራት ክር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅማችሁኛል። አንገቱ እንዲፈታ እጠይቃለሁ። አንድ የቀረኝ፦ በኋላ አዲስ አበባ ይዣቸው ብሄድ የጣት ሰሌዳው የሮዝውድ እንጨት ችግር ያመጣል ሲባል ሰምቻለሁ። አቀማመጡስ?

ሽቦና ብየዳ፦

ችግር የሚያመጣው የብራዚል ሮዝውድ ነው። ከ1992 ጀምሮ በሳይቲስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ) ስምምነት አባሪ አንድ ውስጥ ስላለ፣ አሮጌ ቤዝም ቢሆን ድንበር ለማለፍ ወረቀት ይፈልጋል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ሌላው ሮዝውድ ተሠርቶ ባለቀ የሙዚቃ መሣሪያ ላይ ከኅዳር 2019 ወዲህ ነፃ ነው። ፌንደር ከብራዚሉ ወደ ህንዱ የዞረው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የ1966 ቤዝ በዓይን አይለይም፣ ስለዚህ ከመጓዝህ በፊት ለእንጨት ባለሙያ አሳይ። የብራዚል ከሆነ ለግል ተጓዥ የሚሰጠውን የሙዚቃ መሣሪያ ሰርተፍኬት ከአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት አውጣ፤ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ሜፕል ጣት ሰሌዳ ያለው ስቲንግሬይ ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

በጉዞ ላይ ክሩን አንድ ሁለት ድምፅ አውርደው፣ ከአንገቱ ራስ ሥር ለስላሳ ጨርቅ ደግፍ። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ስለሆነ እንጨቱ ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ ጣት ይቧጥጣል። ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት መለኪያ አስቀምጥ፣ ከ40 በመቶ በታች እንዳይወርድ። ናይትሮ የተቀባውን በጎማ ማቆሚያ ላይ ለወራት አታቁም፣ ጎማው ቀለሙን ያቀልጠዋል። የስቲንግሬዩንና የኤል-2000ውን ባትሪ አውጥተህ አስቀምጥ፣ ሲፈስ ማገናኛውን ይበላዋል። ቤዙ መብራት አይፈልግም፤ አምፕ አብረህ የምትወስድ ከሆነ ግን የአሜሪካው በ120 ቮልት ስለሆነ ጀርባው ላይ ወደ 220 መቀየሪያ እንዳለው አይተህ፣ ከሌለው ትራንስፎርመር ግዛለት።