ክርክር፦ በቅጥር ግድያ መሳቅ ይገባል? ቀረጻውስ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ይሁን?

የብሎክ ኮሚቴ፦
ጉዳዩ ይኸውላችሁ። አንድ የፊልም ቡድን በሰፈራችን ዳር፣ ሜዳውን በሚያዩት ሁለት ብሎኮች መካከል ለስድስት ሌሊት ቀረጻ ለማድረግ ጠይቋል። ታሪኩ በአጭሩ፦ ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ መሬት ካሳ ይጣላሉ። ታላቁ ታናሹን ለማስገደል ለአንድ ደላላ 400 ሺህ ብር ይሰጣል። ደላላው ድርሻውን ቆርጦ ለሌላ ደላላ ያስተላልፋል፣ ያም ለሌላ። በመጨረሻ ሥራው 20 ሺህ ብር የተነገረው አንድ የባጃጅ ሾፌር እጅ ይገባል፤ እሱ ደግሞ ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም። አስቂኝ ፊልም ነው ይላሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት ሐሳብ ስጡ። ስድብ አይፈቀድም።

የእድር ጸሐፊ፦
እቃወማለሁ። ሰው በገንዘብ ሲገደል የሚያስቅ ነገር የለውም። ይልቁንም እንዲህ ባለ የከተማ ዳር፣ ካሳ ወንድምን ከወንድም በሚያለያይበት ቦታ። ፊልሙን ያየ ጎረምሳ ቀልዱን ይረሳዋል፤ ይዞት የሚወጣው ዋጋውን ነው። ሃያ ሺህ ብር።

ስክሪፕት ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ቀልዱ እኮ ራሱ ዋጋው ነው። ነገሩም ከሰማይ አልወረደም። ቻይና፣ ናንኒንግ ከተማ ውስጥ አንድ የሪል ስቴት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ2013 የከሰሰውን ሰው ለማስገደል 2 ሚሊዮን ዩዋን አወጣ። የተቀበለው ሰው ግማሹን አስቀርቶ በ1 ሚሊዮን ሌላ ቀጠረ። ያ ደግሞ 270 ሺህ ቅድሚያ፣ 500 ሺህ ከሥራው በኋላ ብሎ ለሦስተኛው ሰጠ። ሦስተኛው ለአራተኛው 200 ሺህ ቅድሚያ አለ። አምስተኛው ጋ ሲደርስ 100 ሺህ ብቻ ቀረ፤ ከመነሻው 5 በመቶ ማለት ነው። አምስተኛው በዚህ ገንዘብ አልገድልም ብሎ ሰውዬውን ካፌ ጠርቶ ነገሩን ነገረው፣ ተስማምተውም የሞተ ለማስመሰል እጁንና አፉን አስሮ ፎቶ አነሳውና ፎቶውን ወደ ላይ ላከ። ዒላማ የተደረገው ሰው ፖሊስ ጋ ሄደ። በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ስድስቱም ተፈረደባቸው፤ አዛዡ 5 ዓመት፣ የመጨረሻው 2 ዓመት ከ7 ወር።

ሦስተኛ ፎቅ፦
የቤት ኪራይ ደላላ ከዚህ ይሻላል።

የእድር ጸሐፊ፦
ልብ በሉ፣ ቻይናዊው የተረፈው ሰው ስለራራለት አይደለም፤ ክፍያው ስላነሰ ነው። ሙሉው 2 ሚሊዮን ለአምስተኛው ቢደርስስ ኖሮ? እዚህ ላይ ነው እንድንስቅ የምትፈልጉት?

ስክሪፕት ጸሐፊ፦
አዎ፣ እዚሁ ላይ ነው። ሳቁ ጉሮሮ ላይ ካልተሰነቀረ ፊልሙ ተራ ኮሜዲ ሆነ ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ ይዘን ስናድር የምንስቀው ሟቹን ንቀን ነው? አይደለም። እኛ የያዝነው ሕግ አንድ ነው፦ በታናሽ ወንድም አይሳቅም። ቀልዱ ሁሉ ገንዘቡ ሲያልፍ ባቆራረጡት ሰዎች ላይ ነው የሚወርደው። እያንዳንዱ ደላላ የሚጨነቀው ስለ ነፍስ ሳይሆን "ቅድሚያው ስንት ነው፣ ቀሪው መቼ ነው" ስለሚለው ነው። ቋንቋቸውን ከቤት ሽያጭ ውል ወስደነዋል።

ኤዲተር፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በካት ግን ይበላሻል፤ የኛ አገር ኮሜዲ ዋናው በሽታ ይሄ ነው። ሰው ሲወድቅ አራት ቦታ ይቆርጡታል፦ እግሩ፣ ፊቱ፣ መሬቱ፣ የጓደኛው ፊት። ያኔ የሚያየው ሰው መውደቁን አላየም፤ ተነገረው እንጂ። የአካል ቀልድ በሰፊ ሾት፣ ካሜራው ሳይነቃነቅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መታየት አለበት። ሁለተኛው በሽታ ሙዚቃው ነው። "አሁን ሳቁ" የሚል ኪቦርድ ከገባ ግድያው በእውነትም ቀልድ ይሆናል፣ የጋሼም ስጋት ልክ ይሆናል። ትዕይንቱ እንደ ትራጄዲ ተጫውቶ፣ እንደ ትራጄዲ ድምፅ ተሰጥቶት ነው ማሳቅ ያለበት። ሦስተኛ፣ ከትልቅ ሳቅ በኋላ ወሬ አይቀጥልም። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሳቁ ቀጣዩን ንግግር ስለሚውጠው ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ተዋናዩ ዝም ብሎ የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል፤ ቁልፍ ይፈልግ፣ ጫማ ይሰር።

ጠበቃ፦
የሕጉን ነገር ላንሳ፤ ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ ፖሊስ ሁሉንም ሰብስቦ ያስራል ተብሏል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 36 በገንዘብ፣ በተስፋ ወይም በዛቻ ሌላውን ወደ ወንጀል የገፋፋ ሰው አነሳሽ ይባላል። ሆኖም በዚሁ አንቀጽ አነሳሹ የሚቀጣው ወንጀሉ ቢያንስ ከተሞከረ ነው። ሙከራ የሚባለው ደግሞ በአንቀጽ 27 መሠረት ወደ ውጤቱ በቀጥታ የሚያመራ ድርጊት ሲጀመር ነው፤ ዝግጅት ብቻውን በመርህ ደረጃ አይበቃም። እንግዲህ የባጃጁ ሾፌር እንደ ቻይናዊው ቡና ጋብዞ ፎቶ ብቻ ካነሳ ጥያቄው ከባድ ነው። ስለ ሤራ የሚናገረውን አንቀጽ 478ን መጥቀስ ይቻል ይሆናል፤ ግን "ሁሉም በግድያ ሙከራ ተያዙ" የሚለው የመጨረሻ ሲን ሕግ የሚያውቅ ተመልካችን ያስቀዋል፤ ያላሰባችሁትን ሳቅ።

ስክሪፕት ጸሐፊ፦
እህቴ፣ ፎቶ ብቻ አይደለም እኮ። ከዚያ በፊት የሮቶው ሲን አለ። ሾፌሩ ታናሽ ወንድም በሚያልፍበት ሰዓት ከጣሪያ ላይ ሮቶ ሊገፋበት ይወጣል።

ጠበቃ፦
እንግዲያው ነገሩ ተለወጠ። እጁን ሮቶው ላይ አድርጎ ከገፋ ሙከራ ተጀምሯል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ያኔ ከሱ እስከ ታላቅ ወንድም ያለው ሰንሰለት ሁሉ ይነሳል። ሮቶው በምንም ዓይነት የማይገፋ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 29 አለ፤ በመሣሪያው ወይም በዒላማው ምክንያት ፈጽሞ ሊሆን የማይችል ሙከራ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን በሰፊው ማቅለል ይችላል። ለግድያው ራሱ ግን፣ ከባድ የሰው ግድያ ከሆነ፣ በአንቀጽ 539 ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ነው። ይህን ልዩነት ለደላሎቹ የሚያስረዳ አንድ ገጸ ባሕርይ ብትጨምሩ የፊልሙ ምርጥ ሲን ይሆናል፤ "ገፋኸው ወይስ ነካኸው?" እያሉ ሲጨቃጨቁ።

አርት ክፍል፦
የሮቶው ቀልድ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። የ1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 1,000 ኪሎ ነው፤ አንድ ሰው ንቅንቅ አያደርገውም። ባዶው ሃያ ምናምን ኪሎ ስለሆነ ንፋስ ይበቃዋል። ሾፌሩ የሚወጣው የውሃ ፈረቃ የደረሰ ሌሊት ነው፤ ሲገፋ ወገቡን ይቀጨዋል። በማግስቱ ውሃ ጠፍቶ ሮቶው ራሱ ተንከባሎ የደላላው መኪና ላይ ይወድቃል።

የእድር ጸሐፊ፦
ባዶውም ይገድላል።

አርት ክፍል፦
ልክ ነዎት ጋሼ፣ አልዋሽም። ከአራተኛ ፎቅ ጣሪያ፣ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን፣ የሚወድቅ ነገር መሬት ለመድረስ ወደ 1.7 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ሰውና ሮቶ አንድ ፍሬም ውስጥ በአንድ ጊዜ አይገቡም። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይታሰራል፣ መጀመሪያ ሮቶው ብቻ ይወድቃል፣ ከዚያ ካሜራው ሳይነካ ተዋናዩ ብቻ ያልፋል፣ ኤዲተሩ ግማሽና ግማሹን ያጋጥማል። መብራቱ በሁለቱ መካከል ከተለወጠ መጋጠሚያው ይታያል፤ ስለዚህ በጨረቃ ወይም በንጋት ሳይሆን በራሳችን መብራት ነው የሚሠራው። ሲወድቅ ግቢው ባዶ፣ ሁለቱም መግቢያ በሰው የተዘጋ።

ኤዲተር፦
1.7 ሰከንድ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቆጠር፣ 42 ፍሬም ነው። ለቀልድ በቂ ነው፤ ስሎው ሞሽን ያለ ሰው ግን ከኔ ጋር ተጣላ።

ሦስተኛ ፎቅ፦
ደም አለ? ደረጃችን ባለፈው ነው በስንት መዋጮ የታደሰው።

አርት ክፍል፦
አለ፤ ደረጃው ላይ ግን አይፈስም። ሾፌሩ "ገደልኩት" ለማለት ታናሽ ወንድምን አሳምኖ ድልህ ቀብቶ ፎቶ ያነሳዋል፤ ደላላው ፎቶውን ሲያጎላው የበርበሬ ፍሬ ያይበታል። እውነተኛ ድልህ ግን ተዋናይ ፊት ላይ አናደርግም፤ ዓይን ያቃጥላል፣ በቢጫ መብራትም ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። በግማሽ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስኳር አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮኮዋ በሞቀ ውሃ አስቀድሞ ተበጥብጦ (ደረቁን ከጨመሩት ይቋጥራል)፣ አንድ ሁለት ጠብታ ሰማያዊ። ፍሬው ከላይ ይነሰነሳል። ጥፋቱ ስኳሩ ነው፤ ቀን ዝንብ፣ ሌሊት ጉንዳን። ከቆየ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ያሳክካል፣ ሸሚዝ ላይ ቀለሙ ይቀራል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ሦስት ሸሚዝ፣ መሬት ላይ ላስቲክ።

የእድር ጸሐፊ፦
ሽጉጥስ?

አርት ክፍል፦
አንድ ደላላ ያወጣል። እንጨት ነው፣ ቀለም የተቀባ። በጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 ምክንያት እውነተኛውን ማሰብም አያስፈልግም፤ ባዶ ጥይት የሚተኩስም አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በፊልም ልምምድ ላይ እውነተኛ ጥይት የነበረው ሽጉጥ ተተኩሶ አንዲት የካሜራ ባለሙያ ሞታለች፤ ያን ያህል ባጀትና ያን ያህል ባለሙያ እያለ። ብልጭታውም ድምፁም በኤዲቲንግ ይገባል። የቀረው አደጋ ከሩቅ የሚያይ ሰው ነው፤ በጨለማ እንጨትና ብረት አይለይም። ሽጉጡ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉ አንድ ሰው ጋ፣ "ካሜራ" ሲባል ይወጣል፣ "ካት" ሲባል ይገባል። ለወረዳው ፖሊስ ቀንና ሰዓቱ በጽሑፍ ይሰጣል፤ የደብዳቤው ኮፒ ኮብልስቶኑ ሁለት ጫፍ በሚቆሙት ልጆች እጅ ይሆናል። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ደብዳቤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለሚመጣ ፓትሮል አይጠቅምም።

ድምፅ ቀጂ፦
እኔ ፊልሙን እደግፋለሁ፤ ቦታውን ግን እቃወማለሁ። የአዳማው ፈጣን መንገድ አፍንጫችን ሥር ነው። ሌሊቱን ሲኖትራክ ሲያጓራ ያድራል፤ ውሻው፣ ጅቡ፣ ንጋት ላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ። ንጹህ ንግግር የምታገኙት ከሌሊቱ ሰባት እስከ አሥር ብትቀመጡ ነው። ጄኔሬተሩም 50 ሜትር ያህል ርቆ ከግንብ ጀርባ መሆን አለበት፤ በዚያ ርቀት ደግሞ ቀጭን ገመድ ከተዘረጋ ይሞቃል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይዘርጉ፣ ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ፤ የተጠቀለለ ገመድ ጭነት ሲይዝ ነው የሚቀልጠው።

ስክሪፕት ጸሐፊ፦
ጣሪያውን፣ ሜዳውን፣ ሮቶውን ስቱዲዮ ውስጥ ከየት እናምጣ?

ድምፅ ቀጂ፦
አታምጡ፤ ግን ሌሊት የሚጮህ ነገር እዚህ አትቅዱ። ተዋናዩ አፉን ይክፈት፣ ጩኸቱ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀዳል። ደረጃው ላይ ለሚነገረው ማይኩ ልብስ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ። ከእያንዳንዱ ቦታ ደግሞ የቦታውን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅዱ፤ ሲረሳ ኤዲተሩ በየካቱ መሃል ጉድጓድ ይሰማል።

የእድር ጸሐፊ፦
ጩኸት ካነሳችሁ ዋናው ነገር ቀርቷል፤ የጡሩምባው ሲን። የሐሰት ፎቶው እድር ጋ ደርሶ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሟች የተባለው ራሱ ለቅሶ ይደርሳል ብላችኋል። በዚህ ሰፈር ጡሩምባ ሲነፋ ሰው "ማን ነው?" ይላል እንጂ "ፊልም ነው?" አይልም። አሮጊት በነጠላዋ ከአራተኛ ፎቅ ትወርዳለች፤ አልጋ ላይ ታሞ የተኛ ዘመድ ያለው ሰው ልቡ ይቆማል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ደግሞ የአባላት ንብረት ነው። በዚያች ሌሊት እውነተኛ ለቅሶ ቢመጣ ተነቅሎ ይሄዳል፤ ለፊልም ብሎ የሚጠብቅ የለም።

ኤዲተር፦
ጋሼ፣ ድንኳኑን ከተማ ካለ አከራይ ይወሰድ፣ ቀን ላይ ይቀረጽ። ጡሩምባው በሥዕሉ ይነሳ፣ ድምፁ በኋላ ይግባ። በፊልሙ ላይ የሚጎድል ነገር የለም።

የብሎክ ኮሚቴ፦
ለማጠቃለል አልቸኩልም። ግን ጡሩምባ በድምፅ አይነፋም፣ ጩኸት አይቀረጽም፣ ሮቶ ሲወድቅ ግቢው ይዘጋል፣ በየደረጃው መግቢያ የሰዓቱ ማስታወቂያ ይለጠፋል የሚለው ላይ የተቃወመ አላየሁም። ጋሼ ይስማማሉ?

የእድር ጸሐፊ፦
በአሠራሩ እስማማለሁ። በፊልሙ አልስማማም፤ ወንድም ወንድሙን በደላላ ሲሸጥ አይቼ የምስቅ አይመስለኝም። ደብዳቤው ላይ ተቃውሞዬ ይጻፍ።

ስክሪፕት ጸሐፊ፦
ይጻፍ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጡሩምባ አያያዙን የሚያውቅ ተዋናይ የለንም፣ ጉንጩ ሲነፋ ውሸቱ ይታያል። የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ለአንድ ቀን ማግኘት ይቻላል? አበል እንከፍላለን።

የእድር ጸሐፊ፦
ስንት?

ስክሪፕት ጸሐፊ፦
ከፕሮዳክሽን ማናጀሩ ጋር እናገናኛችኋለን፤ እሱ ለአስተባባሪው ይነግረዋል፣ አስተባባሪው ደግሞ...

ሦስተኛ ፎቅ፦
በእጁ ስጡት። መሃል ሰው አይግባ።