«አቦሊሽኒስት» እና «ቬተራን» በአማርኛ ምን ይባሉ?

ጥያቄ፦ አንድ የአካባቢ ታሪክ አጥኚ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የዘመቱ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ጽፏል፤ ጽሑፉ ወደ አማርኛ እየተመለሰ ነው። ረቂቁ አቦሊሽኒስትን «ፀረ ባርነት»፣ ቬተራንን «አርበኛ» ብሏቸዋል። ያስኬዳል? ሌላስ ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ «ፀረ ባርነት» ዋናውን ልዩነት ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1833 ፊላደልፊያ ላይ የተመሠረተው የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር ባርነት ዛሬውኑ፣ ለባለቤቶቹም ካሳ ሳይከፈል ይጥፋ ይል ነበር። በ1848 የተነሣው የፍሪ ሶይል ፓርቲ የጠየቀው ግን ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች እንዳይዘልቅ ነው። ስለዚህ የፊተኛው «ባርነት ይጥፋ ባይ»፣ የኋለኛው «ባርነት አይስፋፋ ባይ» ቢባሉ አንባቢ ያለ ግርጌ ማስታወሻ ይለያቸዋል። («ይቅር ባይ» እንዳትሉ፤ ምሕረት አድራጊ ይሆናል።) አንድ ቅድመ አያት ለሰሜን ስለ ተዋጋ ብቻ ይጥፋ ባይ አይባልም። ከ1863 ወዲህ በግዳጅ ምልመላ ሕግ የገባም አለ። ማስረጃው ከጦርነቱ በፊት የተጻፈ ነገር ነው፦ የማኅበር መዝገብ ወይም ፊርማው ያለበት አቤቱታ።

መልስ፦ «አርበኛ»ን ተዉት። ለእኛ አርበኛ ማለት በአምስቱ ዓመት ዱር ቤቴ ብሎ ወራሪን የተዋጋ ነው። ቬተራን ተመዝግቦ፣ ደመወዝ እየተቆረጠለት ዘምቶ የተሰናበተ ስለሆነ «የቀድሞ ዘማች» ይበቃዋል። «ግራንድ አርሚ ኦቭ ዘ ሪፐብሊክ» የሚለውንም ጦር ብላችሁ አትተርጉሙት። በ1866 ኢሊኖይ ውስጥ የተቋቋመ፣ የመጨረሻው አባል በ1956 ሲሞት የተዘጋ የዘማቾች ማኅበር ነው። «ፖስት» የሚሉት ፖስታ ቤትም የጦር ሰፈርም አይደለም፣ የማኅበሩ የአጥቢያ ቅርንጫፍ ነው። አባላቱ እርስ በርስ የሚጠራሩበትን ቃል «ጓድ» ካላችሁት ደርግን ይጠራል፤ «የዘመቻ ባልንጀራ» በሉት።

የመቃብር ምልክቶችንም አትቀላቅሉ። መንግሥት የሚያቆመው ነጭ ድንጋይ ነው፤ ጋሻ ቅርጽ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ ስሙና ክፍለ ጦሩ በጋሻው ውስጥ ጎልተው ይነበባሉ። አጠገቡ የሚተከለው ባንዲራ መያዣ ኮከብ የማኅበሩ ነው። ኮከቡ ሣር ሲታጨድ ይነቀልና ሌላ መቃብር ላይ ሊተከል ስለሚችል ብቻውን አይታመንም፤ መመሳከር ያለበት የድንጋዩ ጽሑፍ ነው።

መልስ፦ ከ1863 ጀምሮ በጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦሮች ለዘመቱት «ሐራ የወጣ» የሚለው ውብ ነው። በግዕዝ ሐራ ወታደር ነው፤ በአማርኛ «ሐራ ወጣ» ማለት ነጻ ወጣ ነው። ሁለቱም በአንድ ቃል ይገናኛሉ። ለሁሉም ግን አይሠራም፤ ከሰሜን የመጡ፣ ነጻ የተወለዱ ብዙዎች ነበሩ። በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ባለው የጡረታ ፋይል ላይ «አሊያስ» የሚለውን ደግሞ «ሐሰተኛ ስም» ብሎ መተርጎም ሰውየውን መበደል ነው። ከባርነት ከወጡት ብዙዎቹ በጌታቸው ስም ተመዝግበው፣ ኋላ የራሳቸውን የመረጡ ናቸው። «በሌላ ስሙ» በሉት፤ ፍለጋችሁንም በሁለቱም ስም አድርጉ።