የዕቅድ ውይይት፦ በቤትና በአትክልት ቦታ ለሚገኙ ተርቦችና ተናዳፊ ነፍሳት የጋራ አሠራር

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ስለ ተርብና ስለ ሌሎች ተናዳፊ ነፍሳት አንድ የጋራ ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው ማቅረብ አለብን። እስካሁን ሁሉም እንደየስሜቱ ነው የሚያደርገው። አንዱ ይረጫል፣ አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። የአንዱ ርጭት የጎረቤትን ንብ ይፈጃል። አንዱ የነካካው ጎጆ የሌላውን ልጅ ያስነድፋል። ለመነሻ ያህል ይህችን ጽፌያለሁ፦

«ማኅበሩ በአባላት ግቢና በጋራ ቦታዎች የሚገኙ የተርብ ጎጆዎችን በሙሉ በየጊዜው ያስወግዳል።»

ቁረጡት፣ ቀጥሉት። ስትቃወሙ ግን በምትኩ ምን ይጻፍ የሚለውንም አብራችሁ ጻፉልኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ እንዳለ እደግፈዋለሁ። ልጄ በራችን ላይ ተነድፋ እጇ እስከ ክርኗ አብጦ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ባሰበት። ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ መጫወት ትፈራለች። አንድም ጎጆ ባይቀር ደስ ይለኛል።

የአትክልት ቦታ ኃላፊ፦
እህቴ፣ ስጋትሽ ትክክል ነው። በር ላይ ያለ ጎጆ ይነሣ በሚለው አልከራከርም። እኔን ያልተዋጠልኝ «በሙሉ» የሚለው ነው።

አትክልታችንን ከአባጨጓሬ ከሚጠብቁት አንዷ ተርብ ናት። ጠዋት ጎመኑ ላይ ቆማችሁ እዩ። ቅጠሉን ከሥር እስከ ላይ ትፈትሻለች። አባጨጓሬውን ስታገኝ በመንጋጋዋ ትቆራርጠውና ሥጋውን አድበልብላ ይዛ ትበራለች። ለራሷ አይደለም፣ ለእጮቿ ነው። እሷ የምትኖረው በጣፋጭ ፈሳሽ ነው። እጮቹም ሥጋውን በልተው ጣፋጭ ፈሳሽ መልሰው ይሰጧታል። ተርቦች በወቅቱ መጨረሻ ላይ ገበታችን ላይ የሚበረክቱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጎጆው ውስጥ እጭ ሲያልቅ የሚያበላቸው ያጣሉ፣ ከዚያ ወደ እኛ ለስላሳና ወደ ወደቀው ፍሬ ይመጣሉ።

ስለዚህ ከአጥሩ ጥግ ርቆ ማንም የማይደርስበት ጎጆ ለምን ይፈርሳል? የሚከተለው ርጭት ነው። ርጭቱ ደግሞ ክሽክሹን፣ ማለትም የተክል ጭማቂ የሚመጡትን ጥቃቅን ተባዮች፣ የሚበሉትንም ነፍሳት ይዞ ይሄዳል።

ንብ አናቢ አባል፦
ከመወሰናችን በፊት መለየት አለብን። «ተርብ መጣ» ተብሎ ተጠርቼ ስሄድ ንብ የማገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የዕቅዱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ምንነቱ ሳይታወቅ ምንም ጎጆ አይነካም» ይሁን።

ንብ ፀጉራም ናት፣ ሰውነቷም ሞላ ያለ ነው። ተርብ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ አካል፣ ቀጭን ወገብ አላት። ነፍሷን መለየት ካቃታችሁ ቤቷን እዩ። ግራጫ ወረቀት የመሰለ ከሆነ የተርብ ነው። ከደረቀ እንጨትና ከአጥር ጣውላ ላይ እየፋቀች፣ እያኘከች፣ በምራቋ እያቦካች ነው የምትሠራው። ጸጥ ባለ ሰዓት ጣውላው አጠገብ ብትቆሙ ስትፍቅ ይሰማችኋል።

የወረቀት ጎጆ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በጣሪያ ጠርዝ ሥር በአንዲት ቀጭን ዘንግ የተንጠለጠለ፣ ክፍሎቹ ከታች ክፍት ሆነው የሚታዩት አለ። በውስጡ ብዙ ጊዜ ጥቂት ደርዘን ተርቦች ናቸው ያሉት። ካልነኳቸው አይነኩም። ዋናው አደገኛ በወረቀት ልባስ ተሸፍኖ አንድ መግቢያ ብቻ ያለው፣ ወይም መሬት ውስጥ የሚሠራው ነው። እዚያ መቶዎች፣ አንዳንዴም ሺዎች ይኖራሉ። የሣር ማጨጃ ማሽን ንዝረት ብቻ ይበቃል፣ ግልብጥ ብለው ይወጣሉ። ሣር ከማጨዳችሁ በፊት ቆም ብላችሁ መሬቱን እዩ። ከአንድ ቀዳዳ ተርብ በተከታታይ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ ማሽኑን አታስነሡ።

ግድግዳ ላይ በጭቃ ቱቦ የምትሠራ ደግሞ አለች። ብቻዋን ነዋሪ ናት፣ የምትከላከለው መንጋ የላትም። ቱቦውን በሸረሪት ሞልታ እንቁላሏን ትጥልና ትሄዳለች። ሰው የምትነድፈው እምብዛም ነው። ቱቦው ላይ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ልጆቿ ወጥተዋል፣ ፍቃችሁ ልትጥሉት ትችላላችሁ።

የንብ መንጋ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ብታዩ ደግሞ አትደንግጡ። አዲስ ቤት እየፈለገ ነው። የሚጠብቀው ማርም ሆነ እጭ ስለሌለው አብዛኛውን ጊዜ የተረጋጋ ነው። ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ይሄዳል። የተረጋጋ ነው ማለት ግን ይነካካ ማለት አይደለም። ውኃ አይረጭበት፣ ድንጋይ አይወርወርበት። ልጆችን አርቁና ንብ አናቢ ጥሩ። ጤናማ ኅብረ ንብ መግደል በጣም ያሳዝነኛል፣ የሚወስደው ሰው እያለ።

ነባር አባል፦
ልጆች፣ ጥሩ ትላላችሁ። ግን በእኛ ጊዜ መሬት ውስጥ ያለውን ተርብ በጨለማ ጋዝ አፍስሰን ክብሪት ጭረን ነበር የምንጨርሰው። አሁንስ ይህ ለምን ይቀራል? ፈጣን ነው፣ ወጪም የለውም።

የአትክልት ቦታ ኃላፊ፦
ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ይህ በዕቅዱ በግልጽ ቢከለከል ነው የምለው። ጋዙ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ለረጅም ጊዜም ተክል አያበቅልም፣ ወደ ከርሰ ምድር ውኃም ሊወርድ ይችላል። እሳቱ ወደ ደረቅ ሣርና ወደ አጥር ከሄደ ማን ያቆመዋል? በጣሪያ ሥር ያለውን በችቦ ማቃጠል ደግሞ ቤት ማቃጠል ነው።

የጥገና ኃላፊ፦
ከእኔ ሁለት ነገር ይግባልኝ።

አንደኛ፣ ግድግዳ ውስጥ ለገባ ጎጆ መውጫውን በሲሚንቶ ወይም በፎም መድፈን ይከልከል። ብዙ ሰው ብልሃት ይመስለዋል። ተርቦቹ ግን ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ፣ ኮርኒሱን በልተው ሳሎን ውስጥ የሚወጡበት ጊዜ አለ። የሚደፈነው ጎጆው ባዶ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ንብ ከሆነ ደግሞ ንቡን ማውጣት ብቻውን አይበቃም። የማር እንጀራው ግድግዳ ውስጥ ከቀረ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ጉንዳንና ሌላ መንጋ ይጠራል።

ሁለተኛ፣ መሰላል። ማንም አባል መሰላል ላይ ወጥቶ ጎጆ አይንካ። እጁን ለመከላከል ሲያወናጭፍ ይወድቃል። ውድቀቱ ከንድፊያው ይከፋል።

ከዚህ ውጭ መከላከሉ ቀላል ሥራ ነው። የጣሪያ አየር ማስገቢያዎች ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ሽቦ፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ ገንዳ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መጠገን፣ የወደቀ ፍሬ በየቀኑ መልቀም።

ነርስ አባል፦
የጤናው ክፍል ተለይቶ ቢጻፍ እመርጣለሁ፣ ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነውና።

በመጀመሪያ ለእናትየዋ፦ ከገለጽሽው አንጻር የልጅሽ እብጠት በተነደፈችው እጅ ላይ ብቻ የተወሰነ ነው። እንዲህ ያለው እብጠት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይብሳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይጎድላል። ያስፈራል እንጂ ብዙ ጊዜ ለሕይወት አያሰጋም። ቢሆንም ለሐኪም ንገሪው፣ መዝገቧ ላይ ይስፈር።

የሚያሰጋው ከተነደፈው ቦታ ርቆ የሚመጣው ነው። በመላ ሰውነት ላይ ሽፍታ፣ የፊት፣ የምላስ ወይም የጉሮሮ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማስመለስ፣ ማዞር፣ ራስን መሳት። አናፊላክሲስ ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል። ከዚህ በፊት ተነድፎ ምንም ያልሆነ ሰውም ሊይዘው ይችላል። ዋናው መድኃኒት ኤፒነፍሪን ነው። በውጫዊው የጭን ጡንቻ ላይ ወዲያው ይወጋል፣ አምቡላንስ ይጠራል። ሰውየው በጀርባው ተኝቶ እግሮቹ ከፍ ይበሉ። መተንፈስ ካስቸገረው ይቀመጥ፣ ግን ተነሥቶ አይራመድ። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛ መርፌ ሊሰጠው ይችላል። የአለርጂ ክኒን ኤፒነፍሪንን አይተካም። የተሻለው ሰውም ሆስፒታል ይሂድ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ይችላልና።

ለተራ ንድፊያ፦ የንብ ከሆነ እሾሁ ቆዳ ላይ ይቀራል። ከነመርዝ ከረጢቱ ስለሆነ ንቧ ከሄደችም በኋላ መርዝ መርጨቱን አያቆምም። በጥፍር ይሁን በካርድ፣ አወጣጡ አያጨቃጭቀን። ዋናው ፍጥነት ነው። የተርብ እሾህ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቀርም፣ ስለዚህ አንዷ ደጋግማ መንደፍ ትችላለች። ከዚያ በሳሙና ማጠብ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ የእጅ ንድፊያ ከሆነ ቀለበት ቶሎ ማውለቅ። ሆምጣጤና የመሳሰሉትን መቀባት መርዙን አያረክሰውም፣ መርዙ ያለው ከቆዳ ሥር ነው። አፍ ወይም ጉሮሮ ውስጥ የተነደፈ፣ ወይም ብዙ ቦታ የተነደፈ ሰው አለርጂ ባይኖርበትም ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

የሒሳብ ሹም፦
ማኅበሩ ኤፒነፍሪን ገዝቶ በጋራ ቢያስቀምጥስ? በጀቱን ማየት እችላለሁ።

ነርስ አባል፦
ሐሳቡ ከቅንነት ነው፣ ግን አልደግፈውም። በብዙ ቦታ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ጊዜው ያልፍበታል፣ ሙቀት ያበላሸዋል። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ከሆነና ሰውየው ከሌለ ደግሞ ዋጋ የለውም። የሚያስፈልገው ሰው ራሱ ጋ ይያዘው፣ ሁለት ጎረቤቶቹም የት እንደሚያስቀምጠውና እንዴት እንደሚወጋ ይወቁ። በጀቱ ለሥልጠና ይዋል። ከባድ አለርጂ ላለበት ሰው ደግሞ መርዙ ራሱ ጥቂት በጥቂት የሚሰጥበት የረጅም ጊዜ ሕክምና አለ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል፣ በጣም ውጤታማም ነው። ሐኪሙን ይጠይቅ።

የሒሳብ ሹም፦
ተቀብያለሁ። ወጪውን በተመለከተ፦ በጋራ ቦታ ላይ ያለውን ማኅበሩ፣ በግል ግቢ ያለውን ባለቤቱ ይክፈል። ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው የሚኖርበት ቤት ከሆነ ግን ማኅበሩ ይሸፍን። ሰው ገንዘብ አጥቶ በጎጆ ሥር እየተመላለሰ መኖር የለበትም።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ «በሙሉ» የሚለው ወጥቷል። የሚነሣውን ከማይነሣው በምን እንለይ? ከበር 5 ሜትር ብንልስ?

ንብ አናቢ አባል፦
ሜትር አይሠራም። 10 ሜትር ርቆ በረራቸው ልክ በመጫወቻው ላይ የሚያልፍ ጎጆ አለ። 2 ሜትር ላይ ሆኖ ከፍ ብሎ በጣሪያው ላይ የሚወጣም አለ። መታየት ያለበት ሰው የሚያልፍበት መንገድና የእነሱ መመላለሻ መገናኘታቸው ነው። ከሩቅ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ቆሞ ለጥቂት ደቂቃ ያየ ሰው መንገዳቸውን ያውቀዋል።

የሁለት ልጆች እናት፦
በዚህ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ግን በስም ይጠቀስልኝ። ልጆች ምን ማድረግ እንዳለባቸውም ይጻፍ፣ «አትንኩ» ብቻ አይበቃም።

ንብ አናቢ አባል፦
ልክ ነሽ። አንዲት ተርብ ከመጣች እጅ አያወናጭፉ፣ አይጨፍልቋት፣ ቀስ ብለው ይራቁ። የተጨፈለቀች ተርብም ሆነች የነደፈች ንብ ጓደኞቿን የሚጠራ ሽታ ትለቃለች። የንቧ ሽታ የሙዝ ሽታ ይመስላል፣ ለልጆች ለማስታወስ ይመቻል። ብዙ ሆነው ከመጡ ግን ቀስ ማለት የለም። ፊትን ሸፍኖ መሮጥ፣ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ገብቶ በር መዝጋት። ውኃ ውስጥ መግባት አይረዳም፣ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ክፍት ቆርቆሮ ለስላሳ ሳያዩ መጠጣትም ይቅር።

አስተባባሪ፦
የተስተካከለው ረቂቅ ይኸው፦

«ምንነቱ ሳይታወቅ ምንም ጎጆ አይነካም። ያየ አባል ከሩቅ ፎቶ አንሥቶ ለአትክልት ቦታ ኃላፊው ይልካል፤ ንብ አናቢው አባል ይለያል። የንብ መንጋ ከሆነ ለአናቢ ይሰጣል እንጂ አይገደልም። የተርብ ጎጆ ከሰው መተላለፊያ፣ ከበር፣ ከልጆች መጫወቻ ወይም አለርጂ ካለበት ሰው ቤት ጋር ከተገናኘ በሠለጠነ ባለሙያ ይነሣል። ካልተገናኘ ምልክት ተደርጎበት ይተዋል። የመርዝ ርጭት በአበባ ላይ አይደረግም። ጋዝና እሳት፣ መሰላል ላይ ወጥቶ መንካት፣ ሕያው ጎጆ ያለበትን ቀዳዳ መድፈን ክልክል ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ያዘጋጃል።»

ነባር አባል፦
አንድ ነገር ጨምሩ። ጎጆው ገና ትንሽ እያለ ነው መፈለግ ያለበት። ንግሥቲቱ ብቻዋን ስትጀምር የሚያያት የለም፣ ሲያድግ ነው ሁሉም የሚጮኸው። እኔ ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። በየሁለት ሳምንቱ የጋራ ቦታዎቹን ጣሪያ ሥር እየዞርኩ አያለሁ። አልነካም፣ አሳውቃለሁ።

አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። በስምዎ ይገባል። ነርሷ የጤናውን ገጽ፣ ንብ አናቢው የመለያውን ሥዕል፣ የጥገና ኃላፊው የወንፊት ሽቦውን ልክ እስከ ዓርብ ላኩልኝ። ቅዳሜ አጠናቅሬ ለሁሉም እበትናለሁ፣ ማክሰኞ ለጉባኤው ይቀርባል።