የአባቴ እግር፦ ፓርኪንሰን ነው ወይስ ስትሮክ?

የአዘዞ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ጎንደሮች። አባቴ 72 ዓመቱ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፓርኪንሰን ነው ተብሎ ሌቮዶፓ ካርቢዶፓ ታዘዘለት፤ በጣም ተሻለው። ሸሚዙን ራሱ ይቆልፍ ነበር። ዘንድሮ ግን በቃና ዘገሊላ ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ እግሩ እምቢ አለው። "ጥምቀተ ባሕር ላይ ብርድ መትቶት ነው" ብለን ሦስት ቀን ዝም አልን። በኋላ ሲቲ ስካን ሲነሳ ትንንሽ ስትሮኮች ታዩ። ግፊትም ስኳርም አለበት። አሁን እጁ ደህና ነው፤ እግሩ ግን መሬት ላይ የተጣበቀ ይመስላል። ሽንቱም ያመልጠዋል። በሽታው አንድ ነው ሁለት? ፓርኪንሰኑ ነው ስትሮኩን ያመጣው? ደግሞ ሲቆም ያዞረዋል፤ እናቴ የግፊቱን ኪኒን ይተወው እያለች ነው።

ነርሷ ከማራኪ፦
ወንድም ዓለም፣ እግዜር ይማራቸው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ፓርኪንሰን ላይ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዝ ንጥረ ነገር የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች ቀስ እያሉ ይሞታሉ። ስትሮክ ደግሞ የአንጎል ደም ስር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ሁለቱም በእርጅና ስለሚበዙ አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ እንጂ፣ ይሄኛው ያንን ወለደው አይባልም።

ግራ የሚያጋባው ሌላ ነው። ትንንሽ ስትሮኮች እንቅስቃሴን የሚመራውን የአንጎል ክፍል ሲመቱት ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ይመጣል። ቫስኩላር ፓርኪንሰኒዝም ይሉታል። ከእጅ ይልቅ እግር ላይ ይበረታል። መንቀጥቀጡ ትንሽ ነው። ሽንት ቶሎ ያስቸግራል። ብዙ ጊዜም ደረጃ እንደ መውረድ ነው፤ ድንገት ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይወርዳል። ሌቮዶፓም ብዙም አይረዳውም።

የአባትህ እጅ በአንድ ወገን ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ መጥቶ፣ በመድኃኒት መሻሉ የፓርኪንሰን ጠባይ ነው። በጥር ወር የመጣው የእግር ነገር ግን የደም ስር ይመስላል። ሁለቱም ሊኖሩባቸው ይችላል። ሲቲ ስካኑ ብቻውን አይፈርድም፤ ግፊት ያለባቸው ብዙ አረጋውያን ሲቲ ሲነሱ እንዲህ ዓይነት ጠባሳ ይገኛል። ፓርኪንሰኑ ደግሞ ሲቲ ላይ አይታይም። የነርቭ ሐኪም መርምሮ ይለየው።

ፋርማሲስቱ፦
የግፊቱን ኪኒን በራሳችሁ እንዳታቆሙ! ቀጣዩን ስትሮክ የሚጠራው ያልተያዘ ግፊት ነው። ማዞሩም ግን እውነት ነው፤ ፓርኪንሰኑም ሌቮዶፓውም ሰውየው ብድግ ሲል ግፊቱን ይጥላሉ። አምስት ደቂቃ ተጋድመው ለኩላቸው። ከዚያ አቁማችሁ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሙት። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። መጠኑን ወይም ሰዓቱን ይቀይረዋል።

ሌቮዶፓውም በድንገት አይቋረጥ። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይውሰዱት፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ሽሮ አብሮ ከገባ ይሻማዋል። ማቅለሽለሽ ካለ ደረቅ ዳቦ ቁራሽ ይበቃል። ፕላሲል የሚባለውን የማስመለስ ማስታገሻ ግን እንዳትሰጧቸው፤ ዶፓሚንን ስለሚያግድ ፓርኪንሰንን ያባብሳል። እኔ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ክሊኒክ ሄደው ለማስመለስ ብለው ሰጥተዋቸው ሳምንት ሙሉ ደርቀው ከረሙ።

እታለም፦
ባቄላ ለዚህ በሽታ ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ። እሸቱን ቀቅላችሁ ስጡት የኔ ልጅ።

ፋርማሲስቱ፦
እትዬ፣ ውሸት አይደለም፤ ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ አለ። ግን ስንት እንደገባ በምን እንለካዋለን? በኪኒኑ ምትክ አይሆንም። አዘውትረው የሚበሉም ከሆነ ሐኪሙ ይወቅ።

የቅዳሜ ገበያዋ፦
እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ። እናቴ ማታ አፏ ሲጣመም "ምች ነው" ብለን ዳማ ከሴ ስናሻት አደርን። ከእንግዲህ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተያዘ "ሲነጋ" አትበሉ። ባጃጅም ቢሆን ጠርታችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከመንገድ በፊት ውሃም አታጠጡ። አስፕሪንም ከጎረቤት አትቀበሉ፤ ደም የፈሰሰበት ዓይነት ከሆነ ይጎዳል።

እግር ለሚጣበቅ አንድ ዘዴ አለ። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር በአንድ እርምጃ ልዩነት አግድም ለጥፉ። መስመሩን ልሻገር ሲሉ እግራቸው ይነሳል። እናቴን "ቶሎ በይ" ስንላት ይብስባት ነበር፤ መስመር ስናሳያት ግን ሄደች።

የአዘዞ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ለካነው፤ ተጋድሞ 152/86፣ ቆሞ 120/74። ማክሰኞ የነርቭ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዘናል። ፕላስተሩን ለጥፈናል፤ አባባ "ቤቱን የኳስ ሜዳ አደረጋችሁት" ብሎ ሳቀ፣ ግን ይሻገረዋል።

ነርሷ ከማራኪ፦
32 ወርዷል፤ ወረቀቱን ያዘው። መድኃኒቶቹን በሙሉ ከነካርቶናቸው በፌስታል ይዘህ ሂድ። "እግሩ ታመመ" ብቻ እንዳትል፤ በቃና ዘገሊላ ጠዋት፣ በአንድ ጀንበር መሆኑን ንገራቸው።

የአዘዞ ልጅ፦
እሺ። ባቄላውን ግን እናቴ ጥዳዋለች፣ ምን ላድርግ።

ፋርማሲስቱ፦
አንተ ብላው።